ስንቅን በከዋክብት መካከል መደበቅና ፈልጎ ማግኘት፦ ለሳይንሳዊ ልቦለድ ጸሐፊዎች ዝርዝር መመሪያ

በጣና ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው አቅጣጫ፣ መረቡን ማታ ጥሎ ጠዋት የሚያነሣ አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ አውቃለሁ። ሌሎቹ መረባቸው ያለበትን ቦታ ለማወቅ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲያንሳፍፉ፣ እርሱ ሌባ እንዳያይበት ጠርሙሱን ከድንጋይ ጋር አስሮ ከውኃው በታች አንድ ክንድ ያህል ያሰጥመዋል። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ አብሬው በታንኳ ወጣሁና እንዴት እንደሚያገኘው ተመለከትሁ። መቅዘፉን አቆመ፣ ፊቱን ወደ ከተማው መለሰ፣ ከዚያም በሌላው ጎን ያለውን ዳርቻ አየ። «ጋሼ፣ ያቺ ዋርካ ከቤዛዊት ኮረብታ ጫፍ ሥር ስትገባ፣ በዚህ በኩል ደግሞ የእንጦስ አፍንጫ ከዘጌ ጫካ ሲለይ፣ መረቡ ከሥራችን ነው» አለኝና እጁን እስከ ትከሻው ውኃ ውስጥ ሰደደ። በሁለተኛው ሙከራ ገመዱን ይዞ ወጣ።

በከዋክብት መካከል ስለተደበቀ የስንቅ ጎተራ ልቦለድ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ ከዚህ ወጣት ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ዋርካው በብዙ የብርሃን ዓመት የራቀ ኮከብ መሆኑና መረቡ ለመቶ ዓመት ሳይነሣ ሊቆይ መቻሉ ነው። በአማርኛ የተጻፉ የኅዋ ታሪኮችን ረቂቅ ሳነብ ደጋግሜ የማገኘው ስሕተት ጎተራው «በጨለማው ውስጥ ተሰውሮ» መባሉና ነገሩ በዚያ ማለቁ ነው። ጨለማ ብቻውን ዕቃ አይሰውርም። ጎተራን ለጠላት የሚያሳብቅበት ሙቀቱ ነው፤ ከታች እንደምናየው ጎተራውን ከባለቤቱ እጅ የሚያጠፋውም ያው ሙቀት ነው። ይህን የተረዳ ጸሐፊ ከአንድ ዕውነታ የሁለት ወገን ጭንቀት ያገኛል።

አንደኛ፦ መንኮራኩሮችዎ መቆም የሚችሉ መሆናቸውን ይወስኑ

በታሪክዎ ዓለም መንኮራኩሮች ርቀትን ዘልለው የሚያልፉ ከሆነ፣ ከዝላያቸው ሲወጡ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚኖራቸው ብቻ ይወስኑና ወደሚቀጥለው እርምጃ ይለፉ። የታወቀውን ፊዚክስ የሚከተሉ ከሆነ ግን እዚህ ላይ መቆየት ይኖርብዎታል። ለፀሐይ እጅግ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላከችው ሰው አልባ መንኮራኩር ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ በዚህ ፍጥነት ያን ርቀት ለመጨረስ ከ70,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ተሳፋሪዎቹ በሕይወት እያሉ እንዲደርሱ የሚፈልግ ጸሐፊ፣ የብርሃንን ፍጥነት አንድ አሥረኛ ያህል መውሰድ ግድ ይሆንበታል።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። 1,000 ቶን የሚመዝን መንኮራኩር በዚህ ፍጥነት ሲበር የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ 450 ቢሊዮን ቢሊዮን ጁል ይደርሳል፤ ይህም የዓለም ሕዝብ በአንድ ዓመት ከሚጠቀምበት ጠቅላላ ኃይል ጋር የሚቀራረብ ነው። መንኮራኩሩ ስንቅ ለመጫን ልቁም ካለ ይህን ሁሉ ጉልበት ማጥፋት፣ ከዚያም እንደገና ከዜሮ መገንባት አለበት። ከጎተራው የሚቀዳው ነዳጅ የመቆሚያውንና የመነሻውን ወጪ እንኳ ላይሸፍን ይችላል። መንገድ ዳር እንዳለ ማደያ ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ ለፈጣን መንኮራኩር ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚያይለው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ጎተራውም ተጓዥ እንዲሆን ማድረግ ነው። ጎተራው ከዓመታት በፊት በዚያው መስመር ይላካል፤ መንኮራኩሩም ከእርሱ ጥቂት ብቻ በሚበልጥ ፍጥነት ከኋላ ደርሶበት ጎን ለጎን እየበረሩ ጭነቱን ይቀበላል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ከቆመው ጎተራ ይልቅ ለታሪክ የተመቸ ነው፤ የቀጠሮው ቀን ካለፈ ጎተራው አይጠብቅምና። ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ ግን በዝግታ ለሚንቀሳቀሱ ስደተኞች፣ ለጥበቃ መንኮራኩሮችና ለዘላዮች ያገለግላል።

ሁለተኛ፦ ቦታ ይምረጡ

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አያጥፉ። ብዙ ጸሐፊዎች ከፀሐይ በ2,000 እና በ100,000 የምድር-ፀሐይ ርቀት መካከል እንደሚገኝ ከሚገመተው ከኡርት ደመና አንድ ጅራታም ኮከብ መርጠው ጎተራቸውን በበረዶው ውስጥ ይቀብራሉ። በረዶው ከጠፈር ጨረር ይከላከላል፣ ውኃም ይሰጣል። ነገር ግን የእርስዎ ገጸ ባሕርይ ያሰበውን ጠላቱም ያስበዋልና፣ በረዶ አካል ሁሉ አስቀድሞ የሚፈተሽ ቦታ ይሆናል። ምንም የሌለበት ባዶ ቦታ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 የተገኘው ኦሙአሙአ የተባለው አካል ከሌላ ኮከብ ሥርዓት መጥቶ፣ በፀሐይ ብርሃን እየበራ ለፀሐይ ቅርብ የሆነውን የመንገዱን ክፍል ሁሉ ሲያልፍ ማንም አላየውም፤ የታየው ከፀሐይ መራቅ ከጀመረ በኋላ ነበር። ፀሐይ በማትደርስበት ቦታ ያለ የጥቂት አሥር ሜትር ዕቃ ምን ያህል ከዓይን እንደሚርቅ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሦስተኛ፦ ሙቀቱን ይግደሉ

ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ጨረር ይለቅቃል፤ ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ በኬልቪን ሲለካ ሙቀቱ በአሥር እጅ ከቀነሰ ጨረሩ በ10,000 እጅ ይቀንሳል። ለምሳሌ የውጭ ገጽታው 100 ካሬ ሜትር የሆነ ጎተራ፣ ሰው ሊኖርበት በሚችል በ300 ኬልቪን ሙቀት ቢያዝ 46,000 ዋት ያህል ይረጫል። ያው ጎተራ ወደ 30 ኬልቪን ቢወርድ የሚለቅቀው 4.6 ዋት ብቻ፣ ማለትም የአንዲት ትንሽ አምፖል ያህል ነው። የጨረሩ ዓይነትም ይለወጣል፤ በ300 ኬልቪን በብዛት የሚወጣው የ10 ማይክሮሜትር ኢንፍራሬድ ሲሆን በ30 ኬልቪን ወደ 100 ማይክሮሜትር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የተላከው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የሚያየው እስከ 28 ማይክሮሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ጠላትዎ ጎተራውን ለማየት የተለየ ዓይን ያስፈልገዋል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ሕግ ጎተራው ሙት መሆን አለበት የሚል ነው። ሰዓት፣ የመገናኛ መሣሪያ፣ የሚጠብቅ ኮምፒዩተር አይኑርበት። ብዙዎች «ትንሽ የኑክሌር ባትሪ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ቮዬጀር የምትጠቀምበት ፕሉቶኒየም 238 አንዱ ኪሎ ከ500 ዋት በላይ ሙቀት ይሰጣል፤ ግማሹ ለማለቅም 87.7 ዓመት ይፈጅበታል። ይህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሙሉ ጨለማ ውስጥ እንደሚያጨስ ምድጃ ነው።

ቅዝቃዜው ግን ስጦታም አለው። ፈሳሽ ሃይድሮጅን በሞቃት ቦታ እየተነነ ስለሚያልቅ ለማከማቸት አስቸጋሪ ነው፤ ከ14 ኬልቪን በታች ግን ጠጣር ይሆናል፣ ኦክስጅንም ከ54 ኬልቪን በታች እንዲሁ። ከከዋክብት ርቆ የቆየ ዕቃ ከፍጹም ዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ወዳለው ሙቀት ስለሚወርድ፣ ነዳጁ እንደ ድንጋይ ተከምሮ ለዘመናት ይቆያል። ገጸ ባሕርይዎ ክዳኑን ሲከፍት የሚያየውን ሲጽፉ፣ ጠጣር ኦክስጅን ፈዛዛ ሰማያዊ መልክ እንዳለው ያስታውሱ። ክዳኑም በቀላሉ አይከፈት፤ በባዶ ኅዋ ውስጥ ንጹሕ ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ ያለ እሳት ሊጣበቅ ይችላልና፣ በትከሻዎ ገፍተው የማይነቃነቅ ማጠፊያ እውነተኛ ዝርዝር ነው። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ዕቃ በቀዘቀዘ ቁጥር የመቀዝቀዝ ፍጥነቱ እየዘገየ ይሄዳል። ከሞቀ መጋዘን የወጣ ትልቅ ጎተራ ለመደበቅ የሚበቃ ቅዝቃዜ ላይ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ በእነዚያ ዓመታትም ተጋልጦ ይቆያል።

አራተኛ፦ የሚያደርሰውን መንኮራኩር ይሸፍኑ

ጎተራውን ከማድረስ ጉዞ ይልቅ የሚያስጠረጥረው ማቆሙ ነው። የመንኮራኩር ሞተር ሲነድድ ከብዙ ርቀት ይታያልና፣ በባዶ ቦታ ፍጥነቱን ሲቀንስ የታየ መንኮራኩር «እዚህ አንድ ነገር አለ» ብሎ እንደ ጮኸ ይቆጠራል። ስለዚህ ጎተራው ሞተር ሳይነካ፣ መንኮራኩሩ በተለመደ ጉዞው ላይ እያለ በስፕሪንግ (በሞላ) ኃይል ተገፍቶ ይለይ። ይህ ግን ጎተራው የመንኮራኩሩን ፍጥነት ይዞ ይቀጥላል ማለት ስለሆነ፣ በአንደኛው እርምጃ ወደተባለው ተጓዥ ጎተራ ይመልሰናል።

አምስተኛ፦ ቦታውን ሳይሆን እንቅስቃሴውን ይመዝግቡ

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ታሪክ በሌላው ሁሉ ቢያምር አይድንም። በኅዋ ውስጥ «ቆሞ ያለ» የሚባል ነገር የለም። ፀሐይ ራሷ ከአካባቢዋ ከዋክብት አማካይ እንቅስቃሴ አንጻር በሰከንድ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ከ60 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ስለዚህ የጎተራ አድራሻ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የነበረበት ነጥብ፣ የሚሄድበት ፍጥነት ከነአቅጣጫው፣ ሁለቱም የተለኩበት ቀን። ቀኑ ከጠፋ የቀሩት ሁለቱ ዋጋ የላቸውም።

አሁን ስሕተቱን ያስሉ። ጎተራው ሲለቀቅ ፍጥነቱ በሰከንድ አንድ ሜትር ብቻ፣ ማለትም በሕፃን እርምጃ ያህል፣ ተሳስቶ ቢለካ ከመቶ ዓመት በኋላ ከታሰበው ቦታ ከ3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል። ስሕተቱ በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደግሞ 31,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መለኪያው ፍጹም ቢሆን እንኳ ነገሩ አያልቅም፤ ከፀሐይ አንድ የብርሃን ዓመት ርቆ ያለ ዕቃ በፀሐይ ስበት ብቻ በመቶ ዓመት 7,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጎተታል፣ መዝጋቢው ይህንም ማስላት አለበት።

ሙቀት ባለቤቱን የሚከዳውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተላኩት መንኮራኩሮች ፓዮኒር 10 እና 11 ከስሌቱ በጥቂቱ እየዘገዩ በመታየታቸው ሳይንቲስቶች ለዓመታት ሲጨነቁ ከቆዩ በኋላ፣ በ2012 ምክንያቱ ታወቀ፦ ከመንኮራኩሮቹ ኑክሌር ባትሪና መሣሪያ የሚወጣው ሙቀት ወደ አንድ ወገን አድልቶ ስለሚፈነጥቅ መልሶ እየገፋቸው ነበር። ግፊቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሳይቀንስ ለመቶ ዓመት ቢቀጥል ዕቃውን ከታሰበው ቦታ ከ4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ያርቀዋል። በጎተራዎ ውስጥ «ለጥንቃቄ» የተተወችው ባትሪ ጠላትን ከመጥራቷ በተጨማሪ ጎተራውን ከመዝገቡ ታወጣዋለች። እኔ ብጽፈው ባትሪዋን ያስገባት ሰው ክፉ አይሆንም፤ ከኋላው ለሚመጡት የሚሳሳ፣ መብራት ይቆያቸው ብሎ ያሰበ ሰው አደርገው ነበር።

ስድስተኛ፦ መዝገቡን ማን እንደሚይዝ ይወስኑ

ጣና 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ አብዛኞቹ ከዳር ሆኖ በዓይን የሚታዩ ናቸው። ታቦተ ጽዮን በጣና ቂርቆስ ለ800 ዓመት መቆየቷ በትውፊት ይተረካል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ ጦርነት ጊዜም ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ተወስደው መሸሸጋቸው ይነገራል። ቦታው የተሰወረ አልነበረም። ታንኳውና ቀዛፊው የማን እንደሆኑ፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ቤት እንዳለ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ነበር ቁም ነገሩ። በኅዋ ልቦለድም ይህን ጥያቄ በስም ይመልሱ፦ አድራሻውን የሚያውቁት ስንት ናቸው? አንዱ ቢሞት ምን ይጎድላል?

አድራሻው በጽሑፍ ሰንጠረዥ መሆን የለበትም። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የፋሲካን ቀን ለማወቅ የብዙ ዓመት ሰንጠረዥ አይሸከምም፤ ዓመተ ምሕረቱን ከ5500 ጋር ደምሮ፣ በ19 ገድፎ፣ ወንበሩን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን አውጥቶ በቃሉ ይደርስበታል። የጎተራ ጠባቂዎችም እንዲሁ ደንቡን በቃል እንዲይዙ፣ መነሻ ቁጥሩን ደግሞ ሌላ ሰው እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ደንቡ ያለ መነሻ ቁጥር፣ ቁጥሩም ያለ ደንብ ከንቱ ስለሚሆኑ፣ ሁለቱ ሰዎች ካልተገናኙ ጎተራው አይገኝም። በእኛ አገር ደንብን በዜማ ይዞ ማስተላለፍ የታወቀ በመሆኑ፣ ለአማርኛ አንባቢ ይህ ከማንኛውም ምስጢራዊ ኮምፒዩተር ይልቅ የሚታመን ይሆናል።

ሰባተኛ፦ የራስን ጎተራ ማግኘት

ፈላጊው መጀመሪያ ራሱ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ለዚህ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የዓሣ አጥማጁ መንገድ ነው፤ ቅርብ ኮከብ ከሩቅ ከዋክብት አንጻር የት እንደታየ መመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር ከ7 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ፕሮክሲማ ሴንታውሪንና ዎልፍ 359 የተባለውን ሌላ ቅርብ ኮከብ ፎቶ ስታነሣ፣ ሁለቱም ከምድር ከሚታዩበት ቦታ ፈቅ ብለው ታይተዋል። ዋርካዋ ከቤዛዊት ሥር እንደምትገባውና እንደምትወጣው ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ፑልሳሮችን፣ ማለትም እየተሽከረከሩ በየጊዜው የጨረር ምት የሚልኩ ከዋክብትን፣ መጠቀም ነው። ጆስሊን ቤል በ1967 ያገኘችው የመጀመሪያው ፑልሳር በየ1.337 ሰከንዱ ይመታል፤ የእነዚህ ከዋክብት ምት እጅግ የተስተካከለ ስለሆነ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ምት መድረሻ ጊዜ በማነጻጸር ቦታን ማስላት ይቻላል። በ2017 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በተደረገ ሙከራ በኤክስሬይ ፑልሳሮች ብቻ የጣቢያው ቦታ በ16 ኪሎ ሜትር ልዩነት ውስጥ ታውቋል።

ከዚያ ፍለጋው ይጀምራል። በሙቱ ጎተራ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ብቸኛ ምልክት፣ የተላከለትን ብርሃን ወደ መጣበት የሚመልስ መስታወት ነው፤ ኃይል አይፈልግም፣ ካልጠየቁት አይናገርም። የሶቪየቷ ተሽከርካሪ ሉኖኮድ 1 እ.ኤ.አ. በ1970 እንዲህ ያለ መስታወት ይዛ ጨረቃ ላይ ወርዳ ነበር፤ በ1971 ግንኙነቷ ከተቋረጠ በኋላ ሲፈልጓት የነበረው ካለችበት በኪሎ ሜትሮች ርቀው ስለነበር፣ መስታወቷ ለሌዘር መልስ የሰጠው በ2010 ነው። በጨረቃ ላይ፣ በዓይናችን ፊት፣ 40 ዓመት ገደማ!

በታሪክዎ ውስጥ ፈላጊው ከ3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ፣ እዚያ ሲደርስ 4 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሌዘር ጨረር በሰከንድ 1,000 ጊዜ ቦታ እየለወጠ ቢተኩስ፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ መልሱ ከ20 ሰከንድ በኋላ ይመጣል። የመዝገቡ የፍጥነት ስሕተት በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ከሆነ አካባቢውን ፈትሾ ለመጨረስ ሦስት ቀን ገደማ ይበቃዋል። ስሕተቱ አንድ ሜትር ከሆነ የሚፈተሸው ስፋት 10,000 እጥፍ ስለሚሆን ወደ 80 ዓመት ይወስድበታል። ምግባቸው ለአንድ ወር የቀረላቸው ተሳፋሪዎች መዝገቡን ከፍተው የመጨረሻዋ አሃዝ መደብዘዟን ሲያዩ የሚሰማቸውን ለመጻፍ ከዚህ በላይ የተመቸ ቦታ አላውቅም።

ስምንተኛ፦ የሌላውን ጎተራ ማግኘት

ሰማዩን በቴሌስኮፕ እያሰሰ ጎተራ የሚያገኝ ጠላት አይጻፉ፤ የተጠነቀቀ ደባቂ በዚያ መንገድ አይያዝም። የሚያዘው በሒሳብ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ለመሄጃ ብቻ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ የወጣ የሞተር ጀልባ ከጎርጎራ ሳይቀዳ ደርሶ መልስ አድርጎ ቢገኝ፣ በመንገዱ አንድ ቦታ በርሜል እንዳለ ወደብ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይገባዋል። መርማሪ ገጸ ባሕርይዎም የመነሻና የመድረሻ መዝገቦችን ይሰብስብ፤ ስንት ቶን ይዞ ተነሣ፣ በስንት ቀን ደረሰ፣ ስንት ቶን ተረፈው። ሒሳቡ የማይዘጋ ጉዞ ባገኘ ቁጥር መስመሩን በካርታ ላይ ያስምር። አንድ መስመር ምንም አይነግረውም፤ ከተለያየ ቦታ የተነሡ አምስት መስመሮች በአንድ ባዶ ቦታ አጠገብ ሲያልፉ ግን የፍለጋው ቦታ የሚፈልገውን ያህል ጠብቧል።

የቀረው መጠበቅ ነው፤ ጎተራ የሚገለጠው ባለቤቱ ሲመጣ ነውና። እንደ ድንጋይ የረጋውን ሃይድሮጅን ለማቅለጥ ሙቀት ያስፈልጋል፣ ሙቀቱም ጨረር ሆኖ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይወጣል። ይህ ጨረር ከብርሃን አይፈጥንም፤ ስለዚህ የጠላት ተመልካች በ40 የብርሃን ቀን ርቀት ላይ ከሆነ ባለቤቶቹ ማሞቂያውን ካበሩበት ሰዓት ጀምሮ ጠላት እስኪያያቸው ድረስ 40 ቀን አላቸው። ሙሉ ነዳጁን አቅልጦ ለመጫን 55 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ በ40ኛው ቀን ቫልቩን ዘግተው ግማሽ የቀለጠውን ጎተራ ትተው ይሄዱ እንደሆነ ወይም 15ቱን ቀን በጠላት ዓይን ሥር ይቆዩ እንደሆነ፣ ማሞቂያውን ከማብራታቸው በፊት መወሰን አለባቸው።